የአምቦው ምሳሌ አያዋጣም፦ “ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው” ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ጽሑፉ የሚጀምረው በአምቦ ውሃ ነው። ጠርሙሱ ሲከፈት “ጭስስ” ብሎ የሚወጣው ጋዝ ዕድሜ ልካችንን ስንጠጣው የኖርነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ከፋብሪካ ጭስ ተለይቶ፣ ታምቆ፣ በቱቦ ተጉዞ መሬት ውስጥ የሚቀበረውም እሱው ነው፤ ታዲያ ውስጡ ላለችው አንድና ሁለት በመቶ እድፍ ይህን ያህል ቀመርና ላቦራቶሪ ምን አስፈለገ? ይላሉ ጸሐፊው። ባለፈው ሳምንት ይህንኑ ጽሑፍ ሦስት ሰዎች ላኩልኝ። ሁለቱ “እውነት ነው እንዴ?” ብለው፣ አንዱ “እንግዲህ ሥራህ ቀረ” ብሎ። እንጀራዬ የጋዝ ቅይጥን ጠባይ በኮምፒውተር ማስላት ስለሆነ ዝም ማለቱ አልሆነልኝም።

ላላነበባችሁት ሐሳቡን ባጭሩ ላስቀምጥ። ጸሐፊው ካርቦኑን ከጭስ ማውጫ ላይ ለቅሞ የመቅበሩን ሥራ አይቃወሙም፤ እንዲያውም ይደግፋሉ። ቅሬታቸው ሥራው በከንቱ ተወሳስቧል ነው። ጋዙ 98 በመቶ ንጹሕ ከሆነ የንጹሑን ጋዝ ሠንጠረዥ ይዞ መሥራት ይበቃል ይላሉ። የቀረውን ሶፍትዌሩ ያሰላዋል፤ ቀመሩ ድሮ ያለቀለት ነው። አሜሪካኖች ከ50 ዓመት በላይ በቱቦ ሲያመላልሱት ኖረዋል፣ ጋዙ ደረቅ ከሆነ ቱቦ አይዝግም። ይህ ሁሉ ካላሳመነ ደግሞ 99.99 በመቶ አጥርቶ መገላገል ነው። ሚሲሲፒ ውስጥ የፈነዳው ቱቦ ከእድፍ ጋር ምንም አያገናኘውም። በመጨረሻም፣ ጉዳዩ እኛን አይመለከትም።

ከነዚህ አንዱ እውነት ነው፤ ሌሎች ሁለቱ በግማሽ። ስደርስባቸው እናገራለሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

በአምቦው ልጀምር፣ ምሳሌውን ያነሱት እርሳቸው ናቸውና። ለመጠጥ የሚውል ጋዝ በመቶኛ ተለክቶ አያልፍም። የለስላሳ መጠጥ ኢንዱስትሪው የሚከተለው መለኪያ በጋዙ ውስጥ ያለው ጠቅላላ ድኝ ከሚሊዮን 0.1 እጅ እንዳይበልጥ ይጠይቃል። ከሚሊዮን አንዱን እጅ እኛ ፒፒኤም እንለዋለን፤ ከዚህ በኋላ እንዲሁ እጽፈዋለሁ። ቢራ ጠማቂዎችም ከመጥመቂያው ጋን የሚወጣውን ጋዝ መልሰው ሲጠቀሙበት በውሃ ያጥቡታል፣ በከሰል ያጣሩታል፤ ከእርሾው ጋር የምትመጣ ጥቂት የድኝ ሽታ ቢራውን ሙሉ ታበላሸዋለችና። ነገርን ነገር ያነሳዋል፦ በፌብሩዋሪ 1990 ፔሪየ የተባለው የፈረንሳይ የማዕድን ውሃ 160 ሚሊዮን ያህል ጠርሙስ ከዓለም ገበያ ሰብስቧል። ምንጩ ጋር አብሮ ከመሬት የሚወጣው ጋዝ ቤንዚን የተባለ ነቀርሳ አምጪ ኬሚካል ነበረበት (መኪና ከምንሞላው ቤንዚን ጋር ስሙ ቢመሳሰልም ሌላ ነው)፤ እሱን የሚያስቀረው የከሰል ማጣሪያ በወቅቱ አልተቀየረም። ሰሜን ካሮላይና ላቦራቶሪ የደረሱት ጠርሙሶች ውስጥ የተገኘው ከቢሊዮን 20 እጅ እንኳ አይሞላም ነበር። ወተት ውስጥ የገባች ላምባ በመቶኛ አትለካም።

ወደ ዋናው እንግባ፤ “98 በመቶ ይበቃል”።

ሰሜን ዳኮታ ውስጥ ቢዩላ በምትባል ከተማ አጠገብ ከሰልን ወደ ጋዝ የሚለውጥ ፋብሪካ አለ። ከ2000 ጀምሮ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን 330 ኪሎ ሜትር ያህል በቱቦ ድንበር አሻግሮ ካናዳ፣ ሳስካቹዋን ወደሚገኘው የዌይበርን የነዳጅ ጉድጓድ ይልካል። የዚህ ጋዝ ንጽሕና 96 በመቶ ገደማ ነው። ውስጡ 0.9 በመቶ ያህል፣ ማለትም 9,000 ፒፒኤም፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ አለ፤ ያ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው መርዝ። በጸሐፊው ሚዛን ፈተናውን የወደቀ ጋዝ ነው። መስመሩ ግን ይሠራል። እጅግ ደረቅ ስለሆነና ኦክስጅን የለበትም በሚባል ደረጃ ስለሆነ ድኙ የሚጣላው ሰው አላገኘም።

አሁን ወደ ኖርዌይ። ኖርዘርን ላይትስ የተባለው ፕሮጀክት በመርከብ የሚመጣለትን ፈሳሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በርገን አጠገብ ኦይጋርደን ላይ ይቀበልና 100 ኪሎ ሜትር ያህል በባሕር ውስጥ ቱቦ ገፍቶ ከባሕሩ ወለል 2,600 ሜትር በታች ያስገባዋል። ከብሬቪክ ሲሚንቶ ፋብሪካ የመጣውን የመጀመሪያ ጋዝ የቀበረው በኦገስት 2025 ነው። ለደንበኞቹ የሰጠው ዝርዝር ቀልድ አያውቅም፦ ውሃ ከ30 ፒፒኤም፣ ኦክስጅን ከ10፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከ9 እንዳይበልጥ። ናይትሮጅን ኦክሳይዶች መጀመሪያ 10 ተፈቅዶላቸው ነበር፤ በኋላ ወደ 1.5 ወርደዋል። ዌይበርን ላይ 9,000 የሚታለፍለት ጋዝ እዚህ 9 ላይ ይቆማል። ሁለቱም ኢንጂነሮች ትክክል ናቸው።

እንግዲህ የጸሐፊውን 99.99 እናምጣው። የቀረው 0.01 በመቶ ማለት 100 ፒፒኤም ነው። ያ 100 ናይትሮጅን ከሆነ ቱቦው አልሰማም ይላል። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ከሆነ የኖርዌዮቹን ጣሪያ 66 ጊዜ ያልፈዋል። ሆላንድ፣ ሮተርዳም ያለው ፖርቶስ የተባለው ተመሳሳይ ፕሮጀክት በተቃራኒው 95 በመቶ ንጽሕና ካለው በሩን ይከፍታል፤ ውሃውን ግን 70 ፒፒኤም፣ ኦክስጅኑን 40 ላይ ይይዘዋል። ትልቁ ቁጥር ልል፣ ትንንሾቹ ጥብቅ። “ስንት በመቶ ንጹሕ ነው?” ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ሐኪም ቤት ሄዶ ክብደቱን ብቻ ተናግሮ መድኃኒት እንዲታዘዝለት የሚፈልግ በሽተኛ ይመስለኛል።

እድፉ ከየት ይመጣል ላላችሁ፣ እንደ ካርቦኑ አያያዝ ነው። ጭሱን በአሚን (ካርቦን ዳይኦክሳይድን በሚስብ ኬሚካል) አጥቦ የሚይዝ ፋብሪካ ብዙ ጊዜ ከ99 በመቶ በላይ ንጹሕ ጋዝ ይሰጣል፤ ከሱ ጋር ግን የውሃ እንፋሎት፣ ትንሽ ኦክስጅን፣ የአሚንና የአሞኒያ ትርፍራፊ ይከተላል። ነዳጁን መጀመሪያ ወደ ጋዝ ለውጦ ካርቦኑን ከቃጠሎው በፊት የሚያወጣው ሃይድሮጅን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያመጣል። በንጹሕ ኦክስጅን የሚያቃጥለው ደግሞ ናይትሮጅን፣ ኦክስጅንና አርጎን በርከት አድርጎ ይልካል። አርጎንን ማንም አያስበውም። እኔም አላስበውም ነበር፤ እመለስበታለሁ።

“ሶፍትዌሩ ያሰላዋል፣ ቀመሩ ያለቀለት ነው” ከሚሉት ውስጥ ግማሹ እውነት ነው። የንጹሑ ጋዝ ቀመር በእርግጥ አልቋል። ሽፓንና ዋግነር የተባሉ ጀርመናውያን በ1996 ያሳተሙት ቀመር እስከዛሬ ንጹሕ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካበት ክር ነው። ችግሩ ማንም ንጹሕ ጋዝ በቱቦ አይልክም።

ለምን እንደሚከብድ በቁጥር ላሳያችሁ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ 31 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድና 73.8 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ላይ ክሪቲካል ነጥብ አለው፤ ከዚያ በላይ ፈሳሽና ጋዝ የሚባል ልዩነት ይጠፋል። ቱቦዎቻችን የሚሠሩት በዚሁ ሠፈር ነው። 40 ዲግሪ ላይ ግፊቱ 80 ባር ሲሆን አንድ ሜትር ኩብ 278 ኪሎ ይመዝናል። ግፊቱን 100 ባር አድርሱት፣ 628 ኪሎ ይሆናል። 20 ባር ጨምረን ክብደቱ ከእጥፍ አለፈ። በዚህ ሠፈር የምትቆም ትንሽ የስሌት ስሕተት ቆጣሪው ላይ የሚነበበውን ቶን ታዛባለች፤ ቶኑ ደግሞ ገንዘብ ነው።

ከዚህ የባሰው መፍላት ነው። 20 ዲግሪ ላይ ያለ ንጹሕ ፈሳሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊቱ ወደ 57 ባር ካልወረደ አይፈላም። 2 በመቶ ሃይድሮጅን ሲገባበት መፍላቱን ከ10 ባር በላይ ቀደም ብሎ ይጀምራል። ናይትሮጅንና አርጎንም ያንኑ ያደርጋሉ፣ ጉልበታቸው ግን ያነሰ ነው። ንጹሑ በአንድ ግፊት ፈልቶ ሲያልቅ ቅይጡ በሰፊ የግፊት ክልል ውስጥ ግማሽ ፈሳሽ ግማሽ ጋዝ ሆኖ ይዋልላል። ፓምፕ ደግሞ አረፋ አይወድም።

ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ ቢሆን እተወው ነበር። ቱቦ ሲሰነጠቅ ምን እንደሚሆን አስቡት። ስንጥቁ እንደ ተቀደደ ጨርቅ በቱቦው ርዝመት ይሮጣል፤ ከኋላው የሚገፋው የጋዙ ግፊት ነው። የተፈጥሮ ጋዝ በሚያስተላልፍ ቱቦ ውስጥ ግፊቱ ቶሎ ቶሎ ይወርድና ስንጥቁ ጉልበት ያጣል። በካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ግፊቱ መፍላት የሚጀመርበት ላይ ሲደርስ መውረዱን ያቆማል፤ ፈሳሹ እየፈላ በተሟጠጠው ፈንታ ጋዝ ይተካል፣ ስንጥቁም የሚገፋው አያጣም። እንግዲህ እድፉ የመፍያውን ግፊት ከፍ ካደረገው ስንጥቁን የሚያሳድደው ግፊት ከፍ አለ ማለት ነው። የብረቱ ውፍረትና ጥንካሬ የሚወሰነው በዚህ ነው። በ1970ዎቹ ለተፈጥሮ ጋዝ የተሠራውና ባቴል በሚል ስም የሚታወቀው የማስያ ዘዴ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ቱቦዎች ላይ በትክክለኛ መጠን ሲሞከር ለጥንቃቄ የማይበቃ ሆኖ ተገኝቷል። ያለቀለት የተባለው ሳይንስ ይኸው ነው።

ቀመሮቹን በተመለከተ ለባለሙያዎች አንድ አንቀጽ ልጻፍ፤ ሌላው ዘልሎ ይለፈው። በየቢሮው የሚሠራበት ፔንግ-ሮቢንሰን የ1976 ሥራ ነው፤ ፈጣንና ታዛዥ ነው፣ የፈሳሹን እፍጋት ግን በጥቂት በመቶ ይስታል። ገርግ-2008 እጅግ ትክክለኛ ነው፣ ነገር ግን ለተፈጥሮ ጋዝ የተሠራ ስለሆነ የሚያውቀው 21 ኬሚካሎችን ብቻ ነው፤ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ፣ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ፣ አሞኒያና አሚን ከነዚህ ውስጥ የሉም። የካርቦን ዳይኦክሳይድንና የውሃን ጥንድም በደንብ አይዘውም። ለዚሁ ለእኛ ሥራ ተብሎ የተሰናዳው ኢኦኤስ-ሲጂ የወጣው በ2016 ነው። አንድን ቀመር መምረጥ ማለት የትኛውን ስሕተት እንደምትቀበል መምረጥ ነው።

አርጎን ላይ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ከዓመታት በፊት ስሙን በማልጠቅሰው ቢሮ ውስጥ በንጹሕ ኦክስጅን ከሚያቃጥል ፋብሪካ የሚመጣ 96.5 በመቶ ጋዝ ለመግፋት ፓምፕ እየመረጥን ነበር። 25 ዲግሪ፣ 75 ባር። የእኔ ስክሪን “ሙሉ በሙሉ ፈሳሽ” ይላል። አጠገቤ የተቀመጠችው የሥራ ባልደረባዬ በሌላ ቀመር አስልታ ከግፊቱ በላይ የመፍያ ነጥብ አገኘች፤ አረፋ አለ ማለት ነው። ግማሽ ቀን ተከራከርን። ከምሳ በኋላ የጥንዶቹን ሠንጠረዥ ከፈትኩት። እኔ የተጠቀምኩበት ቀመር፣ ፔንግ-ሮቢንሰን፣ ለእያንዳንዱ የጋዝ ጥንድ ከልኬት የተገኘ አንዲት ማስተካከያ ቁጥር ይፈልጋል፤ እንደ ትልቅ የማባዣ ሠንጠረዥ ተደርድረዋል። ለካርቦን ዳይኦክሳይድና ለሚቴን ሳጥኑ ውስጥ 0.1 አካባቢ ተጽፏል። ለካርቦን ዳይኦክሳይድና ለአርጎን ሳጥኑ ውስጥ ዜሮ። ያ ዜሮ “ሁለቱ ይስማማሉ” ማለት አልነበረም፤ “እዚህ ማንም ቁጥር አላስገባም” ማለት ነበር። ሶፍትዌሩ ግን ባዶ ቦታ አያውቅም፣ ዜሮውን እንደ እውነት ይዞ አሰላው። አርጎኑ በፈሳሹ ውስጥ በሰላም የሟሟ አስመሰለልኝ። ትክክለኛውን ቁጥር ሳስገባ አረፋው እኔም ስክሪን ላይ ብቅ አለ። ማስጠንቀቂያ የለ፣ ቀይ መብራት የለ። ስሕተቱ የእኔ ነው፤ ሠንጠረዡን ማየት ነበረብኝ። “ሶፍትዌሩ ያሰላዋል” የሚለውን ስሰማ ያቺ ዜሮ ትታየኛለች።

የአሜሪካኖቹ 50 ዓመት ቀጥሎ ይምጣ። ታሪኩን ጸሐፊው በትክክል ነው ያስቀመጡት። ቴክሳስ ውስጥ ካንየን ሪፍ የተባለው መስመር ሥራ የጀመረው በ1972 ነው። ከኮሎራዶ ተነስቶ ቴክሳስ የሚደርሰው የ800 ኪሎ ሜትሩ ኮርቴዝ ከ1984 ጀምሮ አለ። ደረቅ ጋዝ ተራውን ብረት አይበላም የሚለውም በነዚያ ቱቦዎች ታይቷል።

ግን ጋዙ ከየት ነው የሚመጣው? ኮርቴዝ የሚሞላው ማክኤልሞ ዶም ከተባለ የተፈጥሮ ጉድጓድ ነው፤ ሌሎቹ ትልልቅ መስመሮችም በብዛት እንደዚሁ። በዘመናት ብዛት ከመሬት በታች የተቀመጠ ጋዝ ኦክስጅን የለውም፣ ናይትሮጅን ኦክሳይድ የለውም፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የለውም። በዚያ ጋዝ ውስጥ ውሃ 600 ፒፒኤም ገደማ እስኪደርስ ይፈቀድ ነበር፤ ንጹሕ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቱቦ ግፊት ከ1,000 ፒፒኤም በላይ ውሃ አሟሙቶ መያዝ ስለሚችል ጠብታ አይፈጠርም። ከጭስ ማውጫ የተለቀመ ጋዝ ሌላ ፍጥረት ነው።

በ1746 ጆን ሮባክ የተባለ ሰው እንግሊዝ፣ በርሚንግሃም ውስጥ በእርሳስ በተለበጠ ክፍል ሰልፈሪክ አሲድ በብዛት ማምረት ጀመረ። መሣሪያው ቀላል ነው፤ የድኝ ጭስ፣ እንፋሎት፣ አየርና ናይትሮጅን ኦክሳይድ። ናይትሮጅን ኦክሳይዱ ኦክስጅን ከአየር ተቀብሎ ለድኙ ያቀብላል፣ ተመልሶ ደግሞ ይቀበላል፤ እንደ ደላላ ነው፣ ራሱ አያልቅም። እንግሊዝ ከመቶ ዓመት በላይ አሲዷን ያመረተችው እንዲህ ነው። አሁን ከሁለት ፋብሪካዎች የተለቀመ ጋዝ አንድ ቱቦ ውስጥ ሲገናኝ ምን ምን እንዳለበት ቁጠሩ፦ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ፣ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ፣ ኦክስጅን፣ ውሃ። የሮባክን ክፍል ከብረት ሠርተን 100 ባር አፍነንበታል። ክፍሉን በእርሳስ የለበጠው አሲዱ ብረት ስለሚበላበት ነበር።

“መጠኑ እኮ ጥቂት ፒፒኤም ነው” ይባል ይሆናል። ኦስሎ አጠገብ ሼለር ላይ ያለው የኖርዌይ ኢነርጂ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይህንኑ ነው የሞከረው። በመስኮት በኩል ውስጡ በሚታይ የግፊት ዕቃ ውስጥ እነዚህን ጋዞች በፒፒኤም ደረጃ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር አገናኙዋቸው። ውሃው ብቻውን ቢሆን ጨርሶ ጠብታ በማይሆንበት መጠን ሰልፈሪክና ናይትሪክ አሲድ ተለይቶ ወጣ፤ አንዳንዴም ብጫ የድኝ ዱቄት ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። “ደረቅ” የሚለው ቃል እዚህ ላይ ትርጉሙን ያጣል፤ አሲዱ ራሱ ውሃውን ከጋዙ እየጠጣ ጠብታ ይሆናልና።

ለሞዴል ሠሪ ይህ ራስ ምታት ነው። እስካሁን ያነሳኋቸው ቀመሮች ሁሉ የገባው ነገር እንደገባ ይወጣል ብለው ነው የሚያስቡት፤ እርስ በርሱ ተዋግቶ ሌላ ነገር ይሆናል የሚል ሐሳብ የላቸውም። የኬሚካል ሚዛን ስሌት ብታስገቡበት ደግሞ ወደ ሌላው ጽንፍ ይሄዳል፤ ሊሆን የሚችለው ሁሉ ሆኗል ብሎ ይደመድማል። እውነታው በመሃል ነው፣ ፍጥነቱ የሚወስነው። አንዳንዱ ምላሽ ጭራሽ ልማዱን ይገለብጣል፦ ናይትሪክ ኦክሳይድ ከኦክስጅን ጋር የሚዋሐደው ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ይፈጥናል፤ ግፊት ሲጨመርበት ደግሞ እጅግ። ጋዙን አምቀን ማቀዝቀዛችን እኮ ነው ሥራው። ይህን ካየሁ በኋላ ኖርዌዮቹ ከ10 ወደ 1.5 መውረዳቸው አልገረመኝም።

“አጥርቶ መገላገል” ለሚለው ብዙ አልጽፍም፣ 99.99 ምን ማለት እንደሆነ አይተናልና። አንድ ነገር ብቻ፦ ማጣራት ኃይል ይበላል፤ ብዙ ጊዜ የሚጣራው በማቀዝቀዝ ነው፣ ከሚወገደው እድፍ ጋርም የተያዘው ካርቦን በከፊል ተመልሶ ወደ ሰማይ ይሄዳል። የቱን ያህል ይጣራ የሚለውን የሚመልሰው ያው ሞዴል ነው። በዚያ ላይ ማድረቂያው አንድ ሌሊት ሲበላሽ ቱቦው ስንት ሰዓት እንደሚታገሥ ማወቅ የሚፈልግ ኦፕሬተር ንጽሕናው በወረቀት ላይ 99.99 መሆኑ አያጽናናውም።

ሳታርሻ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ትክክል ናቸው፤ እውነት ነው ያልኩት ይህንን ነው። በፌብሩዋሪ 22 ቀን 2020 ምሽት ሚሲሲፒ ውስጥ በሳታርሻ መንደር አጠገብ ባለ 24 ኢንች ቱቦ የተበጠሰው ከባድ ዝናብ አፈሩን አንሸራትቶት ብየዳው ስለተላቀቀ ነው። እድፉ ቱቦውን አልበጠሰውም፤ እንዲህ የሚሉ የእኛው ወገኖች ቢታረሙ ደስ ይለኛል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ንጹሕም ሆኖ ይገድላል፤ በ1986 ካሜሩን፣ ኒዮስ ሐይቅ አጠገብ 1,700 ያህል ሰው በአንድ ሌሊት ያለቀው ከሐይቁ በፈነዳ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው።

ግን ከዚህ ተነስተው “ስለዚህ ሞዴል አያስፈልግም” ማለታቸው አይገናኝም። በሳታርሻ 200 ያህል ሰው ከቤቱ ወጥቷል፣ 45 ሰው ሐኪም ቤት ሄዷል፤ አየሩ ኦክስጅን ስላነሰው የመኪና ሞተር ጠፍቶ መንገድ ላይ የቀረ ነበር። የአሜሪካ የቱቦ ደኅንነት ተቆጣጣሪ በ2022 ያወጣው ሪፖርት እንደሚለው የኩባንያው የጋዝ ስርጭት ሞዴል አደጋው ሊደርስበት የሚችለውን ቦታ አሳንሶ ነበር ያሳየው። መንደሯ ከቱቦው አንድ ማይል ገደማ ትርቃለች።

በዚያው ምሳሌ ዌይበርንን ላሰላላችሁ፤ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። ለሕይወት ወዲያውኑ አደገኛ ተብሎ የተቀመጠው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን 40,000 ፒፒኤም፣ የሃይድሮጅን ሰልፋይዱ 100 ፒፒኤም ነው። 96 በመቶውና 0.9 በመቶው አብረው አየር ላይ ተበትነው ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 40,000 ላይ ሲደርስ፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይዱ 375 ደርሷል። ከገደቡ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። የአደጋ ክልሉን ካርታ ላይ ስትስሉ ክቡን የሚያሰፋው ያ ከመቶ አንድ የማይሞላው ነው። በንጹሑ ጋዝ ሠንጠረዥ የሠራ ሰው መንደሯን ከክቡ ውጭ ይተዋታል።

“እኛን አይመለከትም” ለሚለው፦ ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲህ ያለ ቱቦ የለም፣ ነገ ይዘረጋል ብዬም አላስመስልም። ግን የብሬቪክ ፋብሪካ ሲሚንቶ ነው የሚሠራው፤ ከሙገር፣ ከደርባና ከለሚ ጋር ምድጃው አንድ ዓይነት ነው። ሲሚንቶ ሲመረት ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 60 በመቶ ያህሉ ከነዳጁ አይደለም፣ ኖራ ድንጋዩ ሲጠበስ ራሱ የሚለቀው ነው፤ ነዳጅ በመቀየር አይጠፋም። ያ ሁሉ የሚሆነው ናይትሮጅን ኦክሳይድ በሚያመርት እጅግ ትኩስ ነበልባል ውስጥ ነው። ብሬቪክ በዓመት 400,000 ቶን ለመያዝ ሲነሳ ከዚያችው 1.5 ፒፒኤም ጋር ነው የሚፋጠጠው።

ጽሑፉን ከላኩልኝ ሦስቱ አንዱ አዲስ አበባ የኬሚካል ምሕንድስና ተማሪ ነው፤ “እንግዲህ ሥራህ ቀረ” ያለኝ እሱ ነው። ለመመረቂያ ሥራው ርዕስ እየፈለገ ነበርና የካርቦን ዳይኦክሳይድንና የናይትሮጅን ዳይኦክሳይድን ጥንድ ሰጠሁት፤ ልኬቱ ጥቂት ነው፣ ላፕቶፕና ትዕግሥት ካለው ይበቃዋል። በሦስተኛው ቀን ደወለልኝ። “ጋሼ፣ ሁለት ናይትሮጅን ዳይኦክሳይዶች ሲቀዘቅዙ ተጣምረው ሌላ ሞለኪውል ይሆናሉ ይላል። እንደ አንድ ልቁጠራቸው እንደ ሁለት?” እስካሁን አልመለስኩለትም።